የኅዳር ሚካኤል ጢንዚዛ

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት አንድ ባልደረባዬ ብድግ ብሎ፣ «ጽጌ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ የሠራችው ስህተት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በደብዳቤ ተነግሯታል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም የሰጡኝን ጋቢ እንደታቀፍኩ ሳቅሁ። ከሳቁት መካከል ስለዚያ ስህተት እውነቱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የሚያውቀው ሰው የክብር እንግዳ ተብሎ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ስሙን አልጽፍም። «ዶክተሩ» እለዋለሁ፤ ማዕረጉን ሳያገኝ ጀምሮ እንዲህ ስንጠራው ደስ ይለው ነበር። አንቱም አልለውም። በሥራ ዘመኔ ፊት ለፊት አንቱ ያልኩት ይበቃዋል።

ሥራ የጀመርኩት አባያ ዳር በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ ትል ቆጣሪ ሆኜ ነው። ሥራው እንደ ስሙ ነው፤ በየረድፉ እየገቡ በአንድ ተክል ላይ ስንት ትል እንዳለ ቆጥሮ መጻፍ። ቀጥሎ ላንቴ ተመደብኩና የሙዝ ግንድ እየሰነጠቅሁ ነቀዝ ፈለግሁ። መንግሥት ከተቀየረ በኋላ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የሰብል ጥበቃ ላቦራቶሪ ሲከፈት በቴክኒሺያንነት ወሰዱኝ። ደመወዙ ከትል ቆጠራው እምብዛም አይሻልም፤ ወንበር ግን ነበረው።

ላቦራቶሪው ሁለት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ጋሽ ዘውዴ ማለት ነበር። ጋሽ ዘውዴ ዕድሜያቸውን ነፍሳት ሲለዩ የኖሩ፣ ካፖርታቸው ናፍታሊን የሚሸት፣ ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ የሚቀንስ ሰው ነበሩ። ዲግሪ የላቸውም። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ግን በካርቶን የታሸገ ጢንዚዛቸውን እየያዙ ደጃፋቸው ላይ ይቆሙ ነበር።

ስድስት ወር ሙሉ ከመርፌ በቀር ምንም አላስነኩኝም። ጢንዚዛ የምትወጋው በቀኝ ክንፏ ሽፋን ላይ ነው። መሃል ላይ ከተወጋች ሁለቱ ሽፋኖች የሚገናኙበት መስመር ይበላሻል፤ እሷን ለመለየት ደግሞ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ያ መስመር ነው። ከሩዝ ፍሬ የምታንሰዋን መርፌ አይነካትም፤ ሹል ተደርጎ በተቆረጠ ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ትለጠፋለች። ሙጫው ከበዛ ሆዷን ይሸፍናል፣ ካነሰ መንገድ ላይ ትወድቃለች። የማድረቂያ ጠረጴዛችን እግሮች ውኃና ጋዝ በተጨመረባቸው የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ ነበር የቆሙት፤ አለበለዚያ ጉንዳን ወጥቶ የወር ልፋታችንን ይጨርሰዋል።

ከዚያ መለየት መጣ። የመለያ መጽሐፉ ሁለት ሁለት ምርጫ እያቀረበ ነው የሚመራሽ። የአንቴናዋ አንጓ አሥር ነው ወይስ አሥራ አንድ? የእግሯ ጥፍር የተሰነጠቀ ነው ወይስ ያልተሰነጠቀ? አንዱን ከሳትሽ መጨረሻ ላይ እዚህ አገር ኖራ የማታውቅ ጢንዚዛ ይዘሽ ትገኛለሽ። «ካላወቅሻት 'አላወቅኋትም' ብለሽ ጻፊ» ይሉኝ ነበር ጋሽ ዘውዴ። «እኔ ሦስት መሳቢያ ሙሉ 'አላወቅኋትም' አለኝ።»

ከሁሉ በላይ ግን የሚጨነቁት ለመለያ ወረቀቷ ነበር። የጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት ናት። የት ተያዘች፣ መቼ፣ በምን ላይ፣ በማን እጅ የሚሉት ይጻፉባታል።

«ወረቀት ከሌላት ከመስኮት ጥረጊያት» ይሉኛል፤ «ቆሻሻ ናት።»

ወረቀት ላይ የማይጻፍ አምስተኛ ጥያቄም ነበራቸው፦ «ማን አሳየሽ?» ከገጠር በተመለስኩ ቁጥር ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቁኛል። እረኛም ይሁን የሙዝ ጠባቂ፣ ያሳየኝ ሰው ስም በማስታወሻ ደብተሬ መግባት ነበረበት። ስለ ቀን ደግሞ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። ነፍሳቱ ወደ ውጭ አገር ሊቅ ሊላክ ስለሚችል ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ወሩ በሮማውያን ቁጥር፣ ዓመቱ በአራት አኃዝ። በእኛ ከተጻፈ «ዓ.ም.» ሳይባል አይታለፍም። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት ሁሉ ቀለሙ ሳይደርቅ ይቀበሉኝና ጥፍራቸውን ከሥሩ እያስኬዱ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡታል። አንድም ወረቀት እንዲህ ሳይነበብ ሣጥን አልገባም። ከአንዱ በቀር።

ዶክተሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኃላፊያችን ሆኖ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ማይክሮስኮፑን ወደ ቢሮው አስወሰደው። ሊሠራበት አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ እንዲታይለት ነው። ጋሽ ዘውዴ በዚያ ዕድሜያቸው በእጅ ሌንስ የአንቴና አንጓ ሲቆጥሩ ከረሙ። እኔ እሱ ምሳ ሲወጣ ከጸሐፊዋ ቁልፍ እየተቀበልኩ በገዛ መሣሪያችን እንደ ሌባ ተደብቄ እሠራበት ነበር።

አንድ ቀን ጨንቻ አካባቢ እንሰት ውስጥ የማትታወቅ ነገር ታየች ተባለና ከጋሽ ዘውዴ ጋር ወጣን። የሄድነው ወይዘሮ አማረች ከሚባሉ ገበሬ ጓሮ ነው። በዚያ ሰፈር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይቀርብም፤ ባልም ቢሆን። ጋሽ ዘውዴ ይህን አላወቁም፤ ቦርሳቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ሊገቡ ሲሉ ወይዘሮ አማረች የቀርከሃ መፋቂያቸውን አነሱባቸው።

«ጋሼ! አንቺ እዚያው አጥር ጋ ቁሚ!»

እኛ ጋሞዎች አማርኛው አንዳንዴ ያመልጠንና ወንዱን ሴት እናደርገዋለን። ጋሽ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ ቆሜያለሁ እመቤቴ። ሴት ካሉኝ ግን ለምን አያስገቡኝም?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ገባሁ። አራት ሴቶች ያዘነበለ ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ልጣጭ በአንድ እግራቸው ረግጠው ይፍቃሉ። አዲስ ልጣጭ ከግንዱ በተላቀቀ ቁጥር ከሥሩ ቡናማ፣ አብረቅራቂ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታጥር ጢንዚዛ ትሮጣለች። ወይዘሮ አማረች በጋሞኛ የሚጠሩበት ስም ነበራት፤ ትርጉሙ «ሽታ ወዳዷ» ማለት ነው። «ዝናቡ ሲያቆም ትመጣለች» አሉኝ። «ገና ሲደርስ የለችም። እስከ ዓመቱ ወዴት እንደምትሄድ እሷ ታውቃለች።»

በአፍ የሚሳበውን የመስታወት ቱቦ አውጥቼ ተንበረከክሁ። ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ጽጌ! ያዝሽ?»

«ያዝኩ!»

«ስንት?»

«አራት!»

«ጠንክረሽ አትሳቢ፣ ትውጫታለሽ!»

«ትዋጣት!» አለች አንዷ ሴት። «እሷም ሥጋ ናት።»

«ወረቀቱን እዚያው ጻፊ! ዛሬ ስንት ነው?»

አፌን ከመክፈቴ ወይዘሮ አማረች በእኔ ፈንታ ጮኹ። «ሚካኤል ነው እኮ ጋሼ! የኅዳር ሚካኤል! ጎረቤት ሁሉ በዓል ላይ ነው፣ እኛ ጴንጤዎቹ ብቻ ነን የምንሠራው!»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ እኔም እየሳቅሁ ጻፍኩ። ሚካኤል አሥራ ሁለት ነው፤ ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው። እጄ በራሱ ሄደ። 12/3/87። ዓ.ም. የለው፣ የሮማውያን ቁጥር የለው፣ አራት አኃዝ የለው። ከሥሩም ስሜን ጻፍኩ።

ጋሽ ዘውዴ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ቢሆኑ ጥፍራቸው እዚያ ቁጥር ላይ ይቆም ነበር። ግን በመካከላችን አጥር ነበር። ሾፌሩም ጉሙ ጠመዝማዛው ላይ ሳይወርድ እንውረድ ብሎ ጥሩንባውን ይነፋል። «ነገ አነብልሻለሁ» አሉኝ መኪና ውስጥ። በማግስቱ ቢሮ ስንገባ የጡረታ ደብዳቤያቸው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ዶክተሩ ነው አፋጥኖ ያስወጣው። የሦስቱን የ«አላወቅኋትም» መሳቢያዎች ቁልፍ ሰጥተውኝ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። በዚያ ቀን ስለ ወረቀት ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም።

ጢንዚዛዋን ብቻዬን ሦስት ወር ታገልኳት። በምሳ ሰዓት፣ በተሰረቀ ማይክሮስኮፕ። በመጽሐፉ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የደረቷ ጠርዝ ወይ የተሸረከተ ነው ወይ ለስላሳ ይላል፤ የእሷ ከፊቱ የተሸረከተ፣ ከኋላው ለስላሳ ነው። አራቱም እንዲሁ ናቸው። አንድ ቀን ምርጫዎቹ ሁለቱም የማይሠሩት እኔ ስለተሳሳትኩ ሳይሆን መጽሐፉን የጻፈው ሰው እሷን አይቷት ስለማያውቅ መሆኑ ገባኝ። ብርድ ብርድ አለኝ። አርባ ምንጭ ላይ፣ በቀትር።

ሮጬ ለዶክተሩ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ጥሩ፤ እዚህ ተያት» አለ።

ተውኳት። እሱ ውጭ አገር ላለ የሙዚየም ሊቅ ላካት። ከመላኩ በፊት ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን በታይፕ እንድትጽፋቸው አደረገ፤ ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። የሰብሳቢው ስም በእሱ ስም ተቀየረ። ቀኑ ግን እንዳለ ተገለበጠ፤ ስለ ቀን ምን አስጨነቀው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ታትማ መጣች። አዲስ ዝርያ ናት። ለዝርያው ስም መሠረት ናሙና የሆነችው፣ ለዚህም ምልክት ቀይ ወረቀት የተደረገላት፣ እኔ ሙጫ የቀባኋት ናት። ሊቁ አክብሮቱን ለመግለጽ በዶክተሩ ስም ሰይሟታል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጢንዚዛዋንም ሳይንሳዊ ስም አታገኙም። በሙያው ሕግ አንዴ በደንቡ የወጣ ስም ባለስሙ አይገባውም ተብሎ አይነሳም፤ ይህን ሕግ እያወቅሁ ነው የምናደደው። ጽሑፉ «ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ከልጣጭ ሥር በራሱ በሰብሳቢው እጅ የተያዘች» ይላል። ወይዘሮ አማረችን ገበያ አግኝቼ ስነግራቸው ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። «የትኛው ወንድ ነው የገባው? ባሌ ያልገባውን!»

ቢሮው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይቺን የሰበሰብኳት እኔ ነኝ እኮ።»

«መኪናው የማን ነው፣ ጽጌ?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«ነዳጁስ? አበልሽስ?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«እንግዲያው የሰበሰባት መሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እኔ ነኝ። በሩን ዝጊው።»

በሩን ዘጋሁት። ሁለተኛ ነገር ግን አይቼ ነበር፤ እሱን አልነገርኩትም። የታተመው ቀን መጋቢት ይላል። ሊቁ የእኔን 12/3/87 በእነሱ አቆጣጠር አንብቦ በፈረንጆቹ 1987፣ በሦስተኛው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አድርጎታል። ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስህተት ነው፤ ወሩም ተሳስቷል። ስህተቱ የእኔ መሆኑን እንዳየሁት አወቅሁ። ጋሽ ዘውዴ ትዝ አሉኝ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን «ይበለው» የሚል ነበር።

ጊዜው ደርሶ ዶክተሩ ለደረጃ ዕድገት አመለከተ፤ ጢንዚዛዋን በግንባር ቀደምትነት አቅርቦ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ውጭ አገር አብሮት የተማረ ሰው ነበር። ከስብሰባው የወጣ ሰው እንደነገረኝ ይኸው ገምጋሚ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እኔ እስከማውቀው ያን ጊዜ እኔና አንተ አንድ ዶርም ውስጥ ነበርን» ብሎታል። «ውጪው በረዶ ነበር። እንሰት ትዝ አይለኝም።»

ዶክተሩ በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ወረደ። ላቦራቶሪ ሲገባ ሳየው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ መብራቱ የት እንደሚበራ አላወቀም።

«ይህን ቀን ማን ነው የጻፈው?»

«የሰበሰባት ሰው ነዋ» አልኩት።

ለኮሚቴው የቴክኒሺያን ስህተት ነው ብሎ አመለጠ። ኮሚቴው ማስረጃ ሲለው ማስረጃ ሠራ፤ ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ዕድገቱን አገኘ። ለሊቁ ግን እርማት አልላከም፤ ቢልክ ጥያቄው እንደገና ይነሳ ነበርና።

ደብዳቤውን ይዤ አቤት ልል በሚኒባስ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጣሁ። አቤቱታ የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁለቴ አነበበውና በአዘኔታ አየኝ። «እህቴ፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ደብዳቤውን ይደብቃል እንጂ ለሰው ያሳያል እንዴ?» አለኝ። ምን እንደያዝኩ አልገባውም። አጣጥፌ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላሳየሁትም።

ቀጥሎ ያለውን ሳልጽፍ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። የታተመውን ያነበቡ ሰዎች ጢንዚዛዋን ፍለጋ መምጣት ጀመሩ፤ ሁሉም በመጋቢት። በመጋቢት አንዲትም አትገኝም። አንድ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ሰው ጫማው ጭቃ እንደሆነ ቢሮዬ መጣ።

«እትዬ ጽጌ፣ አራት ጊዜ ወጣሁ፤ የለችም። ወሩን ተሳስቼ ይሆን?»

«ወረቀቱ መጋቢት አይልም?»

«ይላል።»

«እንግዲያው በመጋቢት ፈልጋት።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ለፍቶ ለፍቶ «ምናልባት ከምድር ጠፍታለች» ብሎ ጻፈ። የጠፋች ከሆነ የዶክተሩ ዝና አብሯት ይጠፋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የጋሽ ዘውዴ ተማሪ ሆኜ፣ እውነተኛ ወሯን የማውቅ ብቸኛዋ የላቦራቶሪ ሰው ሆኜ፣ በሕይወት ያለችን ነፍሳት በዝምታ ገደልኳት። ዶክተሩ ስም ሰረቀ። እኔ ወሯን ደበቅሁ። የእሱ ይከፋል፤ የእኔን ግን ሌላ ሰው አልሠራልኝም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ሕይወት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ሴቻ ቤቴ መጣች። እሷም ስለ ጢንዚዛዋ ነው። እንደለመድኩት ልመልሳት አፌን ስከፍት እንዲህ አለች።

«ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ላውቅ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ማን ነበር ያሳየዎት?»

ይህን ጥያቄ ከጋሽ ዘውዴ በኋላ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጓዳ ገብቼ ማስታወሻ ደብተሬንና ደብዳቤውን አወጣሁ። ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። «ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም. በጨንቻ በሰበሰብሻቸው የጢንዚዛ ናሙናዎች መለያ ላይ ቀኑን አሳስተሽ በመጻፍሽ...» ብላ ድንገት ቆመች። ከሥሩ የዶክተሩ ፊርማና ማኅተም አለ።

«እትዬ ጽጌ፣ የሰበሰቧት እርስዎ እንደሆኑ እኮ ራሱ ፈርሞበታል!»

«በዓለም ላይ ይህን የሚል ወረቀት እሱ ብቻ ነው» አልኳት።

ደብተሩን ገለጠች። «ያሳየችኝ፦ ወ/ሮ አማረች» ይላል። «እሳቸው መለያ ወረቀቱ ላይ ነበሩ?»

«አልነበሩም። ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ ቦታ አነሰኝ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ሰማሁት።

በኅዳር ሚካኤል ጨንቻ ወጣን። ወይዘሮ አማረች አርጅተዋል፤ ምራታቸው ናት የምትፍቀው። ጉልበቴ አላስገባኝምና ጋሽ ዘውዴ የቆሙበት አጥር ጋ ቆምኩ። ብዙም አልቆየሁም።

«ያዝኩ!» አለች ሕይወት ከውስጥ።

«ስንት?»

«ሰባት!»

«ጠንክረሽ አትሳቢ!»

ወረቀቷን ጽፋ ቀለሙ ሳይደርቅ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። ጥፍሬን ከሥሩ እያስኬድኩ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ቀኑ ልክ ነው፤ ወሩ በሮማውያን ቁጥር፣ ዓመቱ በአራት አኃዝ። የወይዘሮ አማረች ስም አለ። ፊደሉን አድቅቃ ስለጻፈችው ቦታ በቅቶታል።

«የድሮውን ቀን የሚያርም አጭር ጽሑፍ አወጣለሁ» አለችኝ። «እርስዎን እንዳያስቀይም ግን 'የአጻጻፍ ስህተት ነበር' ብዬ ልለፈው። የማን እንደሆነ መጻፍ የለበትም።»

«ይጻፍ እንጂ» አልኳት። «ሙሉ ስሜን ከነአባቴ አድርጊና የእኔ ስህተት ነው ብለሽ ጻፊ። ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው አልጻፈውም ማለት ነው።»